የቺፑድ የቤት ዕቃን ከምስጥ ስለ መጠበቅ

በናይሮቢ በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የሚገኘው የሳውዝ ሲ መንደር የቆመበት መሬት መረሬ ነው። መረሬ በዝናብ ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ወለልና ግድግዳም አብረውት ይሰነጠቃሉ። ምስጥ ከአፈር ተነሥቶ በዚያ ስንጥቅ ይገባል፤ እርጥበቱን የሚጠብቅለት የጭቃ መተላለፊያ እየሠራም እስከ ቁም ሣጥን ጀርባ ይደርሳል። ቺፑድና ኮምፔንሳቶ የተጣበቁበት ሙጫ አይከለክለውም፤ የፊቱም ፎርማይካ ውስጡ ባዶ እስኪሆን ድረስ ጥፋቱን ይሰውራል።

ስለዚህ ባለንብረቱ የሚከተሉትን ይፈጽም፤

፩ኛ፥ ዕቃውን ከግድግዳ አራርቆ በብረት እግር ላይ ያቁም፤ የምስጡ መንገድ በግልጥ ይታያልና።

፪ኛ፥ ስንጥቁን ይድፈን፤ የሚያፈሰውን ቧንቧ ያስጠግን።

፫ኛ፥ አናጢው የተቆረጠውን የቺፑድ ጠርዝና ጀርባውን ሳይሸፍን እንዳይተወው ያስጠንቅቅ።

፬ኛ፥ በየወሩ የዕቃውን ሥርና ጀርባ በባትሪ ይመርምር፤ በጣቱም ያንኳኳ፤ ባዶ ድምፅ የጥፋት ምልክት ነው።

፭ኛ፥ የጭቃ መስመር ቢያገኝ በማፍረስ ብቻ አይርካ፤ ጎጆው በመሬት ውስጥ ነውና ባለሙያ ይጥራ።

ዲልድሪን፥ ክሎርዴንና ሄፕታክሎር እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. በተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገዱ ከተወሰነባቸው መርዞች ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ከቀድሞ ዘመን የተረፈውን መድኃኒት ማንም ሰው በመኖሪያ ቤት ውስጥ ከመርጨት ይከልከል።