ከልገሳ ባሻገር፦ የንግድ ድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ከብድር አገልግሎት አንጻር ሲታይ

መግቢያ

በኢትዮጵያ የንግድ ድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው ልገሳ ነው፤ ለትምህርት ቤት የተሰጠ መጽሐፍ፣ ለተፈናቃዮች የተላከ ዱቄት፣ በክረምት የተተከለ ችግኝ። እነዚህ ተግባራት ምስጋና የሚገባቸው ቢሆኑም ስለ ድርጅቱ ዋና ሥራ የሚገልጹት ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የድርጅት ኃላፊነት ሊመዘን የሚገባው በቅድሚያ ትርፉን ባገኘበት መንገድ ነው የሚል ነው። ለማሳያነት የተመረጠው በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉ ደጋማ ወረዳዎች የገበሬውን ኑሮ በቀጥታ የሚነካው የገጠር ብድር ነው።

ጽንሰ ሐሳቡና የሕግ መሠረቱ

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ሃዋርድ ቦወን እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ የነጋዴው ውሳኔ ኅብረተሰቡን ስለሚነካ ለኅብረተሰቡ ዓላማና እሴት ሊገዛ ይገባል ሲል ተከራከረ። ሚልተን ፍሪድማን በ1970 በተቃራኒው የድርጅት ኃላፊነት በሕግና በጨዋታው ደንብ ውስጥ ሆኖ ማትረፍ ብቻ ነው አለ። አርቺ ካሮል በ1991 ሁለቱን የሚያቀራርብ የአራት እርከን ፒራሚድ አቀረበ፤ ከታች ኢኮኖሚያዊ፣ ቀጥሎ ሕጋዊ፣ ከዚያም ሥነ ምግባራዊ፣ በጫፉ የበጎ አድራጎት ኃላፊነት። በዚህ አደራደር ልገሳ ጣሪያ እንጂ መሠረት አይደለም።

በኢትዮጵያ የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ባለሀብቶች ለአካባቢ ጥበቃና ለማኅበራዊ አካታችነት ተገቢውን ትኩረት እንዲሰጡ ያዛል። የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ ሕጉ ለሚፈቅዳቸው ስጦታዎች ከግብር ከፋዩ ግብር የሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ተቀናሽ ይፈቅዳል። ስለዚህ ለልገሳ ግልጽ ማበረታቻ ተቀምጦለታል፤ በዕለታዊ ሥራ ለሚታይ ኃላፊነት ግን ተመጣጣኝ ማበረታቻ አልተቀመጠም።

የአካባቢው ሁኔታ

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። አካባቢው ከሳይንትና ከለጋምቦ ከፍታዎች ተነሥቶ በምዕራብ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ሲሆን፣ ነዋሪው በአብዛኛው በእህልና በከብት እርባታ ይተዳደራል። ነዋሪው በየዕለቱ የሚገናኘው ከትልቅ ፋብሪካ ይልቅ ከእህል ነጋዴ፣ ከግብርና ግብዓት አቅራቢና ከአበዳሪ ጋር ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የማይሸጥና የማይለወጥ በመሆኑ፣ ገበሬው ለባንክ የሚያቀርበው መያዣ ለረጅም ጊዜ አልነበረውም። የዘር መግዣ ባጠረው ጊዜ የነበረው አማራጭ ዘመድ ወይም አራጣ አበዳሪ ነበር።

የአብቁተ ተሞክሮ

የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) እ.ኤ.አ. በ1995 በአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት ሥር የተጀመረ ሲሆን፣ የአነስተኛ የገንዘብ ተቋማት አዋጅ ቁጥር 40/1988 ከወጣ በኋላ በ1997 ፈቃድ አግኝቶ ራሱን ችሎ መሥራት ጀመረ። ተቋሙ የመያዣን ችግር የፈታው በቡድን ዋስትና ነው፤ የሚተዋወቁ ጎረቤታሞች አንዱ ለሌላው ዋስ ሆነው ይበደራሉ። ይህ አሠራር በወሎ ለኀዘንና ለችግር ከሚቋቋመው ቅሬ እንዲሁም ከእቁብ ጋር የሚመሳሰል መሠረት አለው፤ መተማመን ራሱ መያዣ ይሆናል። እዚህ ላይ ማኅበራዊ ጥቅሙ የተገኘው ከትርፍ ተቀንሶ በተሰጠ ስጦታ ሳይሆን ከአገልግሎቱ ከራሱ ነው።

ይሁን እንጂ ያው አሠራር ሸክምም አለው። አንድ ተበዳሪ በሬው ሲሞትበት ወይም በረዶ አዝመራውን ሲያጠፋበት ዕዳው ወደ ጎረቤቶቹ ይዞራል። አበዳሪው ገንዘቡን ያስመልሳል፤ በተበዳሪዎቹ መካከል የሚፈጠረው ቅሬታ ግን በሒሳብ መዝገቡ ላይ አይታይም። የመክፈያው ቀንም እንዲሁ ነው። ቀኑ አዝመራ በተሰበሰበ ማግስት ከዋለ፣ ሁሉም ገበሬ በአንድ ጊዜ እህሉን ወደ ገበያ ያወጣል፤ ዋጋ ይወርዳል፤ ገበሬው በርካሽ የሸጠውን እህል በክረምት በውድ ለመግዛት ይገደዳል።

አዲሱ ፈተና

አብቁተ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ጸደይ ባንክ ተሸጋግሯል። ባንክ መሆን የአገልግሎት ዓይነትንና ካፒታልን ለማስፋት ቢረዳም፣ ለአንድ ትልቅ ነጋዴ ማበደር ለመቶ ገበሬ ከማበደር ያነሰ ወጪ ስላለው የተቋሙ ትኩረት ወደ ከተማ እንዲያዘነብል የሚገፋ ኃይል ይፈጥራል። በሌላ በኩል የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 የመጠቀም መብትን በመያዣነት ለማስያዝ ፈቅዷል። ይህም ለገበሬው የግል ብድር በር ከፍቶ ከጎረቤት ዕዳ ያላቅቀዋል። ነገር ግን ብድሩ ሳይመለስ ሲቀር ቤተሰቡ በማሳው የመጠቀም መብቱን ለጊዜው ሊያጣ ስለሚችል፣ አበዳሪው ውሉን ለባልም ለሚስትም በሚገባቸው ቋንቋ የማስረዳት ኃላፊነት አለበት።

ማጠቃለያ

ከላይ የታየው የሚያመለክተው የአንድ ገጠር አበዳሪ ማኅበራዊ ኃላፊነት በሦስት ጥያቄዎች ሊፈተሽ እንደሚችል ነው። የመክፈያው ጊዜ ከአካባቢው የገበያና የአዝመራ ዑደት ጋር ይስማማል? ተበዳሪው ያለ ጥፋቱ ጉዳት ሲደርስበት ጊዜ የሚሰጥ ግልጽ ደንብ አለ? ከጠቅላላው ብድር ለአነስተኛ ገበሬዎች የደረሰው ድርሻ በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጻል? ተመሳሳይ መመዘኛ ለእህል ነጋዴው በሚዛኑ፣ ለግብዓት አቅራቢው በዘሩ ጥራት ሊወጣ ይችላል። አበዳሪ ለመካነ ሰላም ትምህርት ቤት ወንበር ቢለግስ መልካም ነው፤ የተማሪው አባት ብድሩን ለመክፈል የእርሻ በሬውን ከሸጠ ግን ልጁ በዚያ ወንበር ላይ የመቀመጡ ነገር አጠራጣሪ ይሆናል።