ባዛልትን ሳይሰብሩ መለካት፦ አንድ የሞገድ ፍጥነት ለምን አይበቃም?

የሐይቅና የአምባሰል መልክዓ ምድር በአብዛኛው የተገነባው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከፈሰሰ ባዛልት ነው። ግንበኛ ይህን ድንጋይ በመዶሻ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ይቀበለዋል፣ ከደነቆረ ይጥለዋል። የአልትራሳውንድ ፍተሻ ይህንኑ ማዳመጥ ወደ ቁጥር የሚለውጥ ስልት ነው። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው እንደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወይም እንደ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ባሉ ቅርሶች ላይ ነው፤ ለናሙና ተብሎ ድንጋያቸው ሊቆረጥ አይችልምና።

በፍተሻው አንድ ፒዞኤሌክትሪክ ትራንስዱሰር ሞገድ ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ለጉዞው ጊዜ ሲካፈል ፍጥነት ይገኛል። በጠጣር አካል ውስጥ ግን ሁለት ሞገዶች ይጓዛሉ፦ ቅንጣቶች በጉዞው አቅጣጫ የሚወዛወዙበት ቁመታዊ ሞገድ እና ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ቀጤ ነክ ሆነው የሚወዛወዙበት አግድማዊ ሞገድ። ብዙ ጊዜ የሚለካው ቀድሞ የሚደርሰው ቁመታዊው ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ ልማድ አሳሳች መሆኑ ነው።

ለማሳያ ያህል፣ እፍግታው በሜትር ኩብ 2800 ኪሎ ግራም፣ ርዝመቱ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ድንጋይ እንውሰድ። ቁመታዊው ሞገድ በ20 ማይክሮ ሰከንድ፣ አግድማዊው በ34.5 ማይክሮ ሰከንድ ቢያልፈው ፍጥነታቸው በቅደም ተከተል በሰከንድ 5000 እና 2900 ሜትር ገደማ ይሆናል። እፍግታው በቁመታዊው ፍጥነት ካሬ ሲባዛ 70 ጊጋፓስካል ይሰጣል። ይህን የያንግ ሞጁለስ ብሎ መመዝገብ ግን ስሕተት ነው፤ ሞገዱ ሲያልፍ ድንጋዩ ወደ ጎን በነፃነት አይሰፋምና። በአግድማዊው ፍጥነት ካሬ ሲባዛ የሺር ሞጁለሱ 23.5 ጊጋፓስካል ይሆናል፤ ከሁለቱ ፍጥነቶች የሚሰላው የፖይሰን ምጣኔ ደግሞ 0.25 ገደማ ነው። ከነዚህ የሚገኘው የያንግ ሞጁለስ 58.7 ጊጋፓስካል ገደማ ነው። በአንድ ሞገድ የረካ ሰው የድንጋዩን ግትርነት በ19 በመቶ ያህል አጋንኗል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ውኃ ነው። በክረምት የባዛልቱ ቀዳዳዎችና ስንጥቆች ውኃ ሲሞሉ፣ ውኃ መታመቅን ስለሚቋቋም ቁመታዊው ሞገድ ይፈጥናል። ፈሳሽ ሽርተትን ስለማይቋቋም አግድማዊው በዚህ አይፈጥንም። ስለዚህ በነሐሴ በቁመታዊ ሞገድ ብቻ የተለካ የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ በጥር ከተለካው ይልቅ ጤናማ መስሎ ሊታይ ይችላል።

በአፈጻጸም ረገድ ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ የመሣሪያው የራሱ መዘግየት አስቀድሞ ይቀነስ፤ በምሳሌያችን በቁመታዊው ጊዜ ላይ የ1 ማይክሮ ሰከንድ ትርፍ ፍጥነቱን በ5 በመቶ፣ የፍጥነቱን ካሬ በ9 በመቶ ገደማ ያሳንሳል። ሁለተኛ፣ አግድማዊ ሞገድ በቀጭን ቅባት በሚገባ ስለማይተላለፍ በትራንስዱሰሩና በድንጋዩ መካከል እንደ ማር ያለ ወፍራም ነገር ይቀባ። ሦስተኛ፣ የሞገዱ ርዝመት ከናሙናው መጠን ጋር ይመዛዘን፤ በ54 ኪሎ ኸርዝ 93 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ርዝመት፣ በ500 ኪሎ ኸርዝ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይወርዳል።

በዚህ መንገድ የሚገኘው ዳይናሚክ ሞጁለስ ነው፤ በተለይ ስንጥቅ ባለበት ድንጋይ በጭነት ፍተሻ ከሚገኘው ስታቲክ ሞጁለስ ይበልጣል። ስለሆነም የቅርስ ጥገና ውሳኔ የሚመሠረትበት ዘገባ ሁለቱን ፍጥነቶች፣ የድንጋዩን እርጥበትና የተለካበትን ወቅት አብሮ ሊይዝ ይገባል።