በሞተር ሳይክል ላይ ስለሚታሰር መንገድ ጠቋሚ የተደረገ ምልልስ

ጠያቂው በሞተር ሳይክል ዕቃ የሚያመላልስ የደብረ ማርቆስ ወጣት ነው፤ መላሹ ደግሞ ዕድሜያቸውን በመኪና ኤሌክትሪክ ጥገና የፈጸሙ፣ ዛሬም ከቅዳሴ መልስ በግቢያቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠያቂን የማያሳፍሩ አዛውንት ናቸው።

ወጣቱ፦ እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ? ስልክ የሚይዝ ማቀፊያ ገዝቼ መጣሁ፤ ከመሪው ላይ በየትኛው በኩል ባስረው እንደሚሻል እንዲነግሩኝ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ዓባይን ተሻግሬ አዲስ አበባ እገባለሁ፤ ስልኬ በጂፒኤስ እየመራኝ፣ ኃይሉንም ከሞተሩ እየወሰደ ቢሄድ ብዬ አሰብሁ።

አዛውንቱ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ማቀፊያውን ለጊዜው አስቀምጠው። ይህ ሥራ ከመሪው ሳይሆን ከኮርቻው ሥር፣ ከባትሪው ይጀምራል። የዘመኑ ጎረምሳ ለዓይን የሚታየውን አሳምሮ ያስርና፣ የማይታየውን ሽቦ እንደ ነገሩ ጠምዝዞ በፕላስተር ይጠቀልለዋል።

ወጣቱ፦ ሽቦውማ ቀላል ነው ብዬ ነው፤ አንዱን ጫፍ ከፖዘቲቭ፣ አንዱን ከኔጋቲቭ።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው የሁለቱን ጫፎች ነገር በሐተታ እንየው። የሞተርህ ሻንሲ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተያያዘ ነው። ከፖዘቲቩ ተነሥቶ ወደ መሪው የሚሄደው ሽቦህ በሰልባትዮው ሥር ሲያልፍ፣ በኮረኮንቹ መንገድ ሁሉ ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ከርሞ፣ ልባሱ ተልጦ መዳቡ ሻንሲውን የነካ ዕለት፣ ባትሪው ያለውን ኃይል ሁሉ በዚያች ቀጭን ሽቦ ላይ ባንድ ጊዜ ያወርድባታል፤ እርሷም ትግላለች፣ ልባሷ ይቀልጣል፣ ከበላይዋም ያለው ቤንዚን ነው። ኮንታክት የምንለው ይህ ነው። ስለዚህ ፊውዙ ከፖዘቲቩ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ይግባ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ስልክህን አይደለምና፣ ከመሪው አጠገብ ብታገባው ከባትሪው እስከ እርሱ ያለው ሽቦ ሁሉ ያለ ዘበኛ ይቀራል።

ወጣቱ፦ የስንት አምፔር ፊውዝ ልግዛ?

አዛውንቱ፦ ቀመሩን ራስህ ሥራው። መሙያው በ5 ቮልት 2 አምፔር ቢሰጥ 10 ዋት ነው፤ ይህንኑ ከ12 ቮልት ሲወስድ፣ በመለወጡ የሚባክነው ተጨምሮ፣ 1 አምፔር ቢሆን ነው። 3 አምፔር ይበቃሃል። ባለ 35 ዋት የፊት መብራት ለሚሸከም ሞተር ይህ ብዙ አይደለም። ተጨማሪ መብራት፣ የእጅ ማሞቂያ እያልህ የደረደርህ እንደ ሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የትንሽ ሞተር ዲናሞ በሚኒሞ ሲሽከረከር የሚሰጠው ጥቂት ስለ ሆነ፣ የጎደለውን ከባትሪው ላይ ትበላለህ።

ወጣቱ፦ ስልኩን ከነቀልሁማ መሙያው ተሰክቶ ቢያድር ምን ይጎዳል?

አዛውንቱ፦ መሙያው ስልክ ባይኖርበትም ጥቂት ይጠባል። 20 ሚሊ አምፔር ነው እንበል፤ በ24 ሰዓት ግማሽ አምፔር-ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ባትሪህም ላይ የተጻፈው 5 አምፔር-ሰዓት ነው። ጾመ ፍልሰታን ገዳም ገብተህ 15 ቀን ሱባዔ ይዘህ ስትመለስ ሞተርህ ድምፅ አይሰጥህም። ስለዚህ ሪሌ አስገባ፤ ኃይሉ በፊውዙ በኩል ከባትሪው ይምጣ፤ ሪሌውን የሚያዝዘው ግን ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው የኋላ መብራት ሽቦ ይሁን። መገጣጠሚያዎቹን በፒንሳ ጨምቀህ በሙቀት በሚጠብቅ ቱቦ ሸፍናቸው። በቆርቆሮ የተበየደ ሽቦ ብየዳው በሚያልቅበት ጫፍ ላይ ይደርቃልና፣ መንቀጥቀጥ እዚያው ላይ ይሰብረዋል።

ወጣቱ፦ አሁንስ ወደ መሪው እንሂድ፣ ጋሼ?

አዛውንቱ፦ እንሂድ። ሽቦውን ከማሰርህ በፊት መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻውም ወደ ቀኝ አዙረው፤ በሁለቱም በኩል ሽቦው ሳይወጠር መትረፍ አለበት። ከጋዙና ከፍሪሲዮኑ ካቦ ጋር አብረህ እንዳታስረው፤ እነርሱ የሚንቀሳቀሱ ናቸው። ማቀፊያው ደግሞ ከመሪው መካከል፣ ከመጋጠሚያው አጠገብ ይሁን፤ ወደ እጀታዎቹ በቀረበ መጠን መንቀጥቀጡ ይበረታል።

ወጣቱ፦ መንቀጥቀጥ ስልኩን ከመጣል በቀር ምን ያደርገዋል?

አዛውንቱ፦ ካሜራውን ያበላሸዋል። በዘመናችን ስልኮች ብዙዎቹ ላይ፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ ሥዕሉ እንዳይደበዝዝ፣ ሌንሱ በማግኔት ኃይል ወዲያና ወዲህ እየተንቀሳቀሰ ያስተካክላል፤ ይህ ረቂቅ ሥራ የሞተርን መንቀጥቀጥ ለረጅም ጊዜ አይችልም። አፕል ራሱ በ2021 እ.ኤ.አ. አይፎንን ኃይለኛ ሞተር ባለው ሞተር ሳይክል ላይ እንዳያስሩ፣ በትንንሾቹም ላይ ቢሆን መንቀጥቀጥ የሚያበርድ ማቀፊያ እንዲጠቀሙ ለደንበኞቹ በጽሑፍ አሳስቧል። እስኪ ያንተን አሳየኝ። ይኸው፤ ብረት ለብረት ነው፣ አንዲት የጎማ ትራስ እንኳ የለውም። መልሰህ ባለ ጎማውን ለውጥ።

ወጣቱ፦ እሺ፣ እለውጠዋለሁ። ዓባይ በረሃ ውስጥ ኔትወርክ ቢጠፋስ ጂፒኤሱም አብሮ ይጠፋል?

አዛውንቱ፦ አይጠፋም። ጂፒኤስ ከቴሌ ምሰሶ አይደለም የሚመጣው። 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ምድርን በቀን ሁለት ጊዜ የሚዞሩ ሳተላይቶች ሰዓታቸውን እየተናገሩ ያልፋሉ፤ ስልክህም ድምፃቸው ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ መርምሮ ያለህበትን መካን ያሰላል። ሦስቱ ለስፍራው፣ አራተኛው የስልክህን ሰዓት ስሕተት ለማረም ያስፈልጋሉ። ኔትወርክ የሚያስፈልገው ለካርታው ነው፤ ካርታውን እዚሁ ሳለህ አውርደህ በስልክህ አስቀምጠው። ከደጀን ወርደህ ጎሐ ጽዮን እስክትወጣ ግን የምፈራልህ ሌላ ነው፤ ሙቀቱ። ስልክ በፀሐይ ላይ፣ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ታፍኖ፣ ደግሞም እየተሞላ ሲሄድ ይግልና ራሱን ያጠፋል። በዚያ ቁልቁለት መሙያውን ንቀለው፤ መንገዱ አንድ ስለ ሆነ ካርታም አያሻህም። ማየት ካስፈለገህም ዳር ይዘህ ቁምና እይ፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንዲት ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል።

ወጣቱ፦ እንግዲህ ፊውዙንና ሪሌውን ይዤ ነገ ልምጣ?

አዛውንቱ፦ ነገ ለምን? ሁለቱም ከሣጥኔ አይጠፉም። ኮርቻውን ፍታና ካቻቢቴውን አቀብለኝ። በመጀመሪያ የሚፈታው ኔጋቲቩ ነው፤ ከፖዘቲቩ ከጀመርህ ካቻቢቴው ሻንሲውን በነካ ጊዜ እሳት ይረጫል። ስንገጥም ደግሞ ኔጋቲቩ መጨረሻ ይሆናል።