ስለ እንቢተኛ ልጅና ስለ ወላጁ ትምህርት

አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ እንዳለ ታውቅ ይሆናል፤ ና ሲሉት ይሄዳል፥ ተው ሲሉት ያደርጋል፥ በትንሽ ነገር ይቈጣል፥ ከታላላቆች ጋር ቃል ለቃል ይከራከራል፥ ራሱ ያጠፋውንም በሌላው ያመካኛል። በእንዲህ ያለው ልጅ ላይ ሰዎች ሁለት ፍርድ ይፈርዳሉ። እኩሌቶቹ፥ ተፈጥሮው ክፉ ነውና አይመለስም ይላሉ። እኩሌቶቹም፥ በትር አንሶታል፥ ቢገረፍ ይመለስ ነበር ይላሉ። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ሊጠይቁት የሚገባውን አልጠየቁም፤ ይኸውም እንቢተኝነት በቤት ውስጥ ዕለት ዕለት በምን ይመገባል፥ በምንስ ያድጋል የሚለው ነው። ይህን የማያውቅ ወላጅ እሳቱን አጠፋለሁ ብሎ እንጨት ይጨምርበታል። ስለዚህ በመጀመሪያ የነገሩን ሥር፥ ቀጥሎም ሐኪሞችና መምህራን በብዙ ዓመት ድካም ፈትነው ያገኙትን የፈውስ መንገድ እናስተውል።

ፊተኛ፤ እንቢታ ሁሉ ሕመም አይደለም

የሁለትና የሦስት ዓመት ሕፃን እንቢ ማለቱ ዕድገቱ ነው፤ የገዛ ፈቃድ እንዳለው ማወቅ ጀምሯልና። የደከመው፥ የራበው ወይም እንቅልፍ ያጣው ልጅም አንድ ቀን ቢያስቸግር ሊያስደነግጠን አይገባም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ጽኑውን እንቢተኝነት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ከሕመሞች ዝርዝር ውስጥ አገባው፤ በ2013 ባወጣው መጽሐፍም መለያውን በዝርዝር ወሰነ። ምልክቶቹ ስምንት ሲሆኑ በሦስት ወገን ይከፈላሉ፤ አንዱ ቍጡነትና ብስጩነት፥ ሁለተኛው ክርክርና ትእዛዝን መጣስ፥ ሦስተኛው ቂም በቀል ነው። ከስምንቱ ቢያንስ አራቱ 6 ወር ያህል ሲጸኑ፥ ደግሞም በወንድምና በእኅት ላይ ብቻ ሳይሆን በሌላም ሰው ላይ ሲገለጡ፥ ያን ጊዜ ሐኪም ሕመም ነው ይላል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ፍርድ በፊት ሌላ ነገር ይመረመር። ጆሮው በደንብ የማይሰማ ልጅ ትእዛዝ የናቀ ይመስላል። አሳቡ በአንድ ነገር ላይ መጽናት የማይችል ልጅ የተነገረውን ሳይጨርስ ይረሳል። በቤቱ ጠብና ድብደባ የሚያይ ልጅ፥ ወይም በትምህርት ቤት የሚያስፈራው ሰው ያለው ልጅ፥ ፍርሃቱን በቍጣ ይሸፍናል። እንዲህ ያለውን ልጅ እንቢተኛ ብሎ መቅጣት የታመመውን ስለ ሕመሙ መቅጣት ነው።

ሁለተኛ፤ እንቢተኝነት እንዴት ያድጋል?

በአሜሪካ በኦሪገን አገር ጄራልድ ፓተርሰን የሚባል የሥነ ልቡና ሊቅ ነበረ። እርሱና የሥራ ባልንጀሮቹ ወደ ቤተ ሰቦች ቤት እየገቡ ወላጆችና ልጆች እርስ በርሳቸው የሚያደርጉትን በየደቂቃው ይጽፉ ነበር። ይህን በማድረግ ያስተዋሉትንም ፓተርሰን በ1982 በመጽሐፍ ገለጠው። ነገሩ እንዲህ ነው።

እናት ልጇን፥ ጨዋታህን ትተህ እጅህን ታጠብ ትለዋለች። ልጁ ዝም ይላል። ደግማ ትናገራለች፤ ቈይ ይላታል። ሦስተኛ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ እርሱም ይጮኻል፥ ዕቃ ይወረውራል። በመጨረሻ እናቲቱ ደክሟት፥ ተወው፥ እኔ አጥብሃለሁ ትላለች፤ ልጁም ወዲያው ጸጥ ይላል። እንግዲህ ልብ በል፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱም ዋጋ ተቀበሉ። ልጁ በጩኸቱ ትእዛዙን አስቀረ፤ እናቲቱም በመተዋ ዕረፍት አገኘች። ስለዚህ ነገ ልጁ ፈጥኖ ይጮኻል፥ እናቲቱም ፈጥና ትተዋለች። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እናቲቱ እጅግ ተቈጥታ በብርቱ ስትጮኽ ልጁ ይታዘዛል፤ እርስዋም፥ ካልጮኽሁ አይሰማኝም ብላ ትማራለች። ማንም ክፉ ሳያስብ ቤቱ የጩኸት ትምህርት ቤት ይሆናል፤ መምህርም ተማሪም ሁለቱ ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። ልጁ በጸጥታ ሲጫወት ማንም አያየውም፤ ሲያጠፋ ግን ቤቱ ሁሉ ወደ እርሱ ይዞራል። ለልጅ የወላጁ ፊት ታላቅ ዋጋ ነውና፥ በመልካም ካላገኘው በክፉ ይፈልገዋል።

ሦስተኛ፤ ዱላ ለምን አይፈውስም?

ዱላ የሚፈውስ የሚመስለው ልጁን ለጊዜው ዝም ስለሚያሰኝ ነው። ያ ዝምታ ለመቺው ዋጋ ይሆንለታል፤ ስለዚህ ደግሞ ይመታል። ልጁ ግን የሚማረው ሌላ ነው፤ ብርቱ የሆነ ሰው ፈቃዱን በኀይል እንዲፈጽም ይማራል፥ ይህንንም በታናሽ ወንድሙና በትምህርት ቤት ባልንጀራው ላይ ይሞክረዋል። ብዙ ምርመራዎች በአንድነት ሲመዘኑ፥ የሚመቱ ልጆች ከጊዜ በኋላ ጠበኝነታቸው ሲበዛ እንጂ ሲቀንስ አልታየም። ስለዚህ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2018 ወላጆች ልጅን ከመምታት እንዲከለከሉ በግልጥ መከረ። በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም በአካላቸው እንዳይቀጡ ከልክሏል።

አራተኛ፤ ፈውሱ ከወላጁ ይጀምራል

ብዙ ሰው ልጁን ወደ ሐኪም ወስዶ፥ አርምልኝ ብሎ ትቶት ሊመለስ ይወዳል። በትንሽ ልጅ ግን ከሁሉ ይልቅ የተመሰከረለት ሕክምና ወላጁን የሚያስተምረው ነው፤ ሐኪሙ ልጁን በሳምንት አንድ ሰዓት ያየዋል፥ ወላጁ ግን ሁልጊዜ ከእርሱ ጋር ይኖራልና። በኦሪገን ኮንስታንስ ሃንፍ የተባለች ሴት በ1960ዎቹ ይህን ትምህርት በሁለት ክፍል አዘጋጀችው። ከእርስዋም በኋላ ሺላ አይበርግ በ1970ዎቹ የወላጅና የልጅ መስተጋብር ሕክምና የሚባለውን አቆመች፤ ይህም በተለይ ከ2 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ወላጁ ከልጁ ጋር በአንድ ክፍል ይጫወታል፤ መምህሩ ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስተዋት ኋላ ቆሞ ያያል፥ በወላጁ ጆሮ ባለች ትንሽ መስሚያም የሚናገረውን ቃል ይነግረዋል።

የፊተኛው ክፍል ጨዋታ ነው። ወላጁ በየቀኑ 5 ደቂቃ ለልጁ ይለያል፤ በዚያች ጊዜ ልጁ ይመራል፥ ወላጁ ይከተላል። የሚያደርጋቸውም አምስት ነገሮች ናቸው፤ መልካሙን ሥራ በስሙ ጠርቶ ያመሰግናል፥ ልጁ የተናገረውን ይደግማል፥ ልጁ በሚጫወትበት አኳኋን ይጫወታል፥ የሚሠራውን በቃል ይገልጣል፥ ደስታውንም ያሳያል። የሚተዋቸው ሦስት ናቸው፤ ትእዛዝ፥ ጥያቄና ነቀፋ። ምስጋናውም ግልጥ ይሁን፤ ጎበዝ ብሎ ከመተው፥ ዕቃህን ለእኅትህ ስላካፈልህ ደስ አለኝ ማለት ይበልጣል፤ ልጁ የትኛው ሥራ ደስ እንዳሰኘ ያውቃልና። ትንሽ ጥፋት ሲያጠፋ፥ የሚጐዳው ሰው ከሌለ፥ ወላጁ ፊቱን ይመልሳል፤ ልጁ ሲመለስ ወላጁም ወዲያው ይመለሳል።

ሁለተኛው ክፍል ትእዛዝ ነው፤ ይህም የሚጀመረው ወላጁ የፊተኛውን በሚገባ ካወቀ በኋላ ነው። የትእዛዝ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እዘዝ። ታደርገዋለህን? ብለህ አትጠይቅ፤ ጥያቄ እንቢ ለማለት በር ይከፍታልና። አትሩጥ ከማለት፥ ቀስ ብለህ ሂድ በል። ከርቀት አትጩህ፤ ቀርበህ በጸጥታ ተናገር። ከዚያ በኋላ ዝም ብለህ 5 ሰከንድ ያህል ጠብቅ። ቢታዘዝ ወዲያው አመስግን። ባይታዘዝ አንድ ጊዜ ብቻ አስጠንቅቅ፤ ይህን ካላደረግህ በወንበሩ ላይ ትቀመጣለህ በለው። አሁንም እንቢ ቢል ያለ ቍጣና ያለ ስብከት በወንበሩ ላይ አስቀምጠው፤ 3 ደቂቃ ይበቃል፥ በመጨረሻም ጥቂት ጸጥ ይበል። ከወንበሩ ሲነሣ ያንኑ የፊተኛውን ትእዛዝ ድገምለት፤ አለዚያ ወንበሩ ከሥራ ማምለጫ ይሆንለታል። ይህ ቅጣት ልጅን በጨለማ ቤት መዝጋት፥ ምግብ መከልከል፥ በሰው ፊትም ማዋረድ አይደለም። ለጥቂት ጊዜ ከጨዋታና ከሰው ፊት መለየት ብቻ ነው፤ በቤቱ ፍቅርና ጨዋታ ከሌለ ግን መለየቱ ምንም ኀይል የለውም። ስለዚህ ጨዋታው ይቀድማል።

አምስተኛ፤ ወላጆችን ስለሚያሰናክሉ ነገሮች

በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ልጁ ሊብስ ይችላል። ይጮኽ የነበረው አሁን አብልጦ ይጮኻል፤ የፊተኛው መንገድ ለምን እንዳልሠራለት ሊፈትን ይወዳልና። በዚህ ጊዜ የሚሸነፍ ወላጅ ከቀድሞው የከፋ ትምህርት ያስተምራል፤ አጥብቀህ ከጮኽህ ታገኛለህ ማለቱ ነውና። እንዲሁም እናት የከለከለችውን አባት ቢፈቅድ፥ ሁለቱ ያጸኑትን አያት ብታፈርስ፥ ልጁ የሚማረው መታዘዝን ሳይሆን ማንን እንዲጠይቅ ነው። ስለዚህ በቤት ያሉ ታላላቆች ሁሉ ልጁ በሌለበት ይምከሩ፥ በአንድ ቃልም ይጽኑ።

አንዳንድ ሰው፥ ግዴታውን ስለ ፈጸመ ለምን አመሰግነዋለሁ? ምስጋና ያበላሸዋል ይላል። ወዳጄ ሆይ፥ አንተ በሥራህ ውለህ ማንም ሳያይልህ፥ ባጠፋህባት ቀን ብቻ ስምህ ቢጠራ፥ ሥራህን በደስታ ትሠራለህን? ልጅን የሚያበላሸው የተገባው ምስጋና ሳይሆን በጩኸት የተገኘ ስጦታ ነው። ሌላውም፥ ከልጅ ጋር በምድር ተቀምጦ መጫወት የአባትን ክብር ያዋርዳል ይላል። ነገር ግን በፍርሃት ብቻ የተገኘ ክብር ልጁ እስኪያድግ ድረስ ይቈያል፤ ክንዱ ከአባቱ ክንድ በበረታ ጊዜ ያበቃል። በፍቅርና በጽናት የተገኘው ግን ከዚያ በኋላም ይኖራል።

ልጁ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ሌላ ነገር ይጨመራል። ሮስ ግሪን የተባለው የልጆች ሥነ ልቡና ሊቅ በ1998 ባወጣው መጽሐፍ፥ ብዙ ልጆች የሚያስቸግሩት ፈቃድ ስለጎደላቸው ሳይሆን ቍጣን የመግታትና ችግርን የመፍታት ችሎታ ስለጎደላቸው እንደ ሆነ አስተማረ። ስለዚህ በቍጣ ሰዓት ሳይሆን በጸጥታ ሰዓት ከልጁ ጋር ተቀመጥ፤ ምን እንደሚከብደው ጠይቀህ አድምጥ፥ የአንተንም አሳብ ንገረው፥ ሁለታችሁም የምትችሉትን መፍትሔ አብራችሁ ፈልጉ። ስለ መድኀኒትም የሚጠይቅ ቢኖር፥ ለእንቢተኝነት ብቻ ተብሎ የተሠራ መድኀኒት የለም፤ አብሮት ሌላ ሕመም ሲገኝ ግን ሐኪም ለዚያ ሕመም መድኀኒት ሊሰጥ ይችላል። ልጁ ሰውን ወይም እንስሳን በብርቱ የሚጐዳ፥ እሳት የሚለኵስ፥ ወይም ሞትን እመኛለሁ የሚል ቢሆን ግን ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ውሰደው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን አንብበህ ብቻ አትተው። ስም በልጅ ላይ እንደ ልብስ ይለብሳል፤ ዕለት ዕለት እንቢተኛ እየተባለ ያደገ ልጅ በስሙ ይኖራል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሥራህን አኑረህ 5 ደቂቃ ከልጅህ ጋር ተቀመጥ፤ አትዘዘው፥ አትንቀፈው፥ ያደረገውን አንድ መልካም ነገር ፈልገህ በስሙ ጥራለት። ነገም እንዲሁ አድርግ። በመጀመሪያ ቃሉ በአፍህ ይከብድሃል፥ ልጁም ሊጠራጠርህ ይችላል፤ አንተ ግን አትቍረጥ። እርሱን መታዘዝ ልታስተምር የምትወድድ፥ አስቀድመህ አንተ ራስህ ትዕግሥትን ተማር።