ለትልቅ ድመት የሚበቃ የመጸዳጃ ሣጥን ፍለጋ

በዚህ ቡለቲን ስለ ጣና ዓሣዎች፣ ስለ ደንገልና ስለ እምቦጭ ብዙ ተጽፏል። እኔ ደግሞ ስለ ድመት ዓይነ ምድር ልጽፍ ነው። አትሳቁ፤ ጉዳዩ ከቤት ሊያስወጣኝ ደርሶ ነበር።

የተከራየሁት ቤት ከሐይቁ ዳርቻ ብዙም አይርቅም። አከራዬ እትዬ (ስማቸው ይቆየን) ጓዳ ያስቀመጡትን በቆሎ አይጥ ስለፈጀባቸው ድመት እንዳመጣ የፈቀዱት ራሳቸው ናቸው። ድመቱ ግን ማደግ አላቆም አለ። ተራ ድመት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ የእኛውን በእህል ነጋዴ ሚዛን ብናስቀምጠው 7 ኪሎ ተኩል ሆነ። ሰፈሩ «ጋሼ» ይለዋል። አይጡ ጠፋ፤ ነገር ግን ጋሼ የእትዬን የጎመን መደብ ሽንት ቤት አደረገው። በዚህ መሐል የአራት ወር ነፍሰ ጡር ልጃቸው እናቷ ዘንድ ልትቀመጥ መጣች። እትዬም ቁርጡን ነገሩኝ፦ «ልጄ፣ ወይ ለዚህ ነብርህ አንድ ነገር አድርግለት፣ ወይ ይዘኸው ውጣ።»

እትዬ ስሙን አይወቁት እንጂ የፈሩት ነገር በፓራሲቶሎጂ የተማርነው ቶክሶፕላዝማ ጎንዲ ነው። ይህ ጥገኛ ተዋሲያን በ1908 እ.ኤ.አ. ቱኒስ ውስጥ ጎንዲ በተባለች አይጥ መሰል እንስሳ ላይ ተገኘ፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ወሲባዊ ርቢውን የሚያካሂደው ግን በድመት ወገን እንስሳት አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። የተያዘ ድመት አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜው አንዴ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ዕንቁላል መሰል ኡሲስቶችን ከዓይነ ምድሩ ጋር ያስወጣል። እነዚህ ወዲያው አይተላለፉም፤ ለመብሰል ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋሉ። ከበሰሉ በኋላ ግን እርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ይቆያሉ። እንግዲህ ዓይነ ምድሩ በየቀኑ ከተነሣ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል፤ ጎመን መደብ ውስጥ ከተቀበረ ግን ማን ያነሣዋል? በእርግዝና ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘች እናት ወደ ፅንሱ ልታስተላልፈው ትችላለች፤ የልጁን ዓይንና አንጎል ይጎዳል፣ ፅንሱንም ሊያስወርድ ይችላል።

ለጋሼ ፍትሕ ሲባል ግን አንድ ነገር መነገር አለበት። ይኸው በሽታ በጥሬ ሥጋና በደንብ ባልታጠበ ሰላጣም ይመጣል። ይህን ለልጅቷ ስነግራት ጥሬ ሥጋ መተዉ ከድመቱ ይልቅ የከበዳት መሰለኝ።

ወደ ሣጥኑ እንመለስ። መጀመሪያ ከገበያ ክብ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ገዛሁ። ጋሼ ገባ፣ ዞረ፣ ቆፈረ፣ ተቀመጠ፤ ራሱ ሳፋው ውስጥ፣ ኋላው ከሳፋው ውጭ! እሱ በበኩሉ ግዴታውን ተወጥቷል። ስሕተቱ የእኔ ነበር። የሣጥን ርዝመት ከድመቱ አፍንጫ እስከ ጭራው መነሻ ካለው ርዝመት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ እንዲሆን ይመከራል። ጋሼ 57 ሴ.ሜ ነው፤ ስለዚህ 85 ሴ.ሜ ተኩል ያስፈልገዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሳፋ አጣሁ።

በመጨረሻ ያገኘሁት ኬሚካል ያልነበረበት ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ነው፤ ቁመቱ ወደ 90፣ ስፋቱ ወደ 58 ሴ.ሜ ይሆናል። በቁመቱ ለሁለት አስቆረጥኩት። ልክ ጀልባ ነው የሚመስለው፤ እንደ ጀልባም ይወዛወዛል። ጋሼ አንድ እግሩን አግብቶ ሲነቃነቅበት ዘሎ ጠፋ፣ ሁለት ቀንም አልቀረበውም። ሌላም ችግር አለ፦ ታቹ ክብ ስለሆነ 8 ሴ.ሜ ያህል ብንሞላው የላዩ ስፋት 40 ሴ.ሜ ብቻ ይሆናል (በፓይታጎረስ አስሉት፣ ሬድየሱ 29 ነው)። መፍትሔው ሥሩን 6 ሴ.ሜ በተጠቀጠቀ አፈር ሞልቶ ፕላስቲክ ማልበስ፣ ከዚያ በላይ 8 ሴ.ሜ መሙላት ሆነ፤ ስፋቱ ወደ 50 ደረሰ። አፈሩም ክብደት ሰጠው፤ ግራና ቀኙን በድንጋይ ደገፍኩት። በአንድ ጫፍ መግቢያውን ከሥር 20 ሴ.ሜ አስቀርቼ ቆረጥኩ፤ ስለቱን የተሰነጠቀ የውሃ ጎማ አለበስኩት።

ምን እንሙላበት? እናቶቻችን የሚያውቁት አመድ ነው። ነገር ግን በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያ ወደ አሞንያ ይቀይረዋል፤ አመድ ደግሞ አልካሊ ስለሆነ አሞንያው ጋዝ ሆኖ እንዲወጣ ይገፋዋል፣ ሽታው ይብሳል። ዱካውስ! በ1947 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚሺጋን ኤድ ሎው የተባለ ሰው የሸክላ አፈር ለድመት መሸጥ የጀመረው፣ የጎረቤቱ ድመት ቤቱን በአመድ ዱካ ስላቆሸሸችባት ነው። ዛሬ ውጭ አገር የሚሸጠውና ሽንት ሲነካው የሚጓጉለው ቤንቶናይት ከስሜክታይት ወገን ነው። የፎገራና የደምቢያ ሜዳ ዋልካ አፈርም በዚሁ ማዕድን የበለጸገ ነው። ደስ ብሎኝ ደረቅ ዋልካ ፈጭቼ ነፋሁና ሞከርኩት። በእርግጥ ይጓጉላል፤ ግን ከጋሼ መዳፍም ጋር ይጓጉላል! የእትዬ ምንጣፍ ምስክር ነው። የግንባታ አሸዋ ለመቆፈር ይመቻል፣ ሽንት ግን አይመጥም። ሰጋቱራ ይመጥጣል፣ ግን ቀላል ስለሆነ ይበተናል። ሁለት እጅ አሸዋ ከአንድ እጅ ሰጋቱራ ጋር ደባልቄ ተረጋጋሁ። ሰጋቱራው ቀለም ወይም ቫርኒሽ የነካው አይሁን።

ሣጥኑን ከምግቡ አርቄ፣ ጸጥ ባለ የጓሮ ጥግ ቆርቆሮ ጥላ ሥር አኖርኩት። ከጎመን መደቡ በጋሼ የተነካውን አፈር ጥቂት አምጥቼ ላዩ ላይ በተንኩለት፤ የራሱን ሽታ ሲያገኝ ገባ። መደቡን በሽቦ ወንፊት ሸፈንን። የማጽዳቱ ሥራ የእኔ ነው፤ ነፍሰ ጡሯ አትጠጋም። በየቀኑ ጠዋት በጓንት አነሣለሁ፣ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ። ብዙዎቻችን በረኪና ሁሉን ይገድላል እንላለን፤ ኡሲስቶቹን ግን አይገድልም፣ የፈላ ውሃ ይገድላል።

የተነሣው የት ይጣላል? አንድ የግቢያችን ልጅ «ሐይቁ አለ አይደል?» አለኝ። እኮ! በካሊፎርኒያ የባሕር አቆስጣዎች በቶክሶፕላዝማ የሞቱት ከየብስ በጎርፍ ከታጠበ የድመት ዓይነ ምድር ጋር ተያይዞ ነው። ከጣና ሳያፈሉ የሚጠጡ ሰዎች አሉ፤ ክረምት ደግሞ ጎርፉ ሁሉ ወደዚያው ነው። እኛ ጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ እንጨምረዋለን።

ወንድ ድመት ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሣጥኑ ላይ ደጋግሞ እየተቀመጠ ሽንት ካልወጣው ነገ አትበሉ፤ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

እትዬ የበርሜሉን ሌላ ግማሽ ወሰዱት። በሶብላ ዘርተውበታል፤ እሱንም በሽቦ ሸፍነውታል።