ንጹሕ ወተት «ንጹሕ» ነውን?

ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ «ወተት ንጹሕ ቁስ ነው» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ዝም ብለን ኤክስ ብናደርግበት ልጁ ግራ ይገባዋል፤ ጥፋቱ የቃሉ ነዋ! ገበያ ላይ «ንጹሕ» ማለት ውሃ ያልተቀላቀለበት ማለት ነው። በኬሚስትሪ ግን አንድ ዓይነት ቁስ ብቻ የሆነውን ነው የምንለው፤ ወይ እንደ መዳብ ንጥረ ነገር፣ ወይ እንደ ውሃ ውሁድ። ወተት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ውሃው ውስጥ የተበተነ የስብ ጠብታ ሞልቶታል። ማይክሮስኮፕ ከሌለስ? ቅል አለ! እርጎው ተንጦ ቅቤው ሲወጣ ድብልቅነቱ ይጋለጣል።

የሚያስቸግረው ጨው የሟሟበት ውሃ ነው። የደፈረሰ የወንዝ ውሃ ካደረ ይዘቅጣል፤ ወጥ ያልሆነ ድብልቅ ነውና። የጨው ውሃ ግን ወጥ ድብልቅ ስለሆነ ቢያድርም፣ በወረቀት ቢጠልም ያው ነው። ታዲያ ከንጹሕ ውሃ በምን እንለየው? ቅመሱ አንበል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ መቅመስ ክልክል ነው። ቴርሞሜትር ከትተን እናፍላ። ንጹሕ ውሃ (አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ) እየፈላ ሳለ ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም። የጨው ውሃ ግን በተነነ ቁጥር ሙቀቱ ከፍ ከፍ ይላል፤ በመጨረሻም ነጩ ጨው ግርጌው ላይ ተጋግሮ ይቀራል።