ዐረፋ ከዐረፋ ጋራ ስለ መዋሐዱ

ወተት በእሳት ላይ ተጥዶ ሳለ እናት ለጥቂት ጊዜ ዘወር ብትል ወተቱ በድንገት ተነሥቶ ምድጃውን ያጥለቀልቃል፤ በአጠገቡ ሕፃን ተቀምጦ ቢገኝም ያቃጥለዋል። ውሃ ግን በዚያው እሳት ላይ ቢጣድ ይንተከተካል እንጂ እንዲህ ገንፍሎ አይወጣም። እሳቱ አንድ ሲኾን የኹለቱ ጠባይ የተለየው ዐረፋቸው ስለማይመሳሰል ነው።

ዐረፋ ማለት በፈሳሽ ውስጥ የተከበበ አየር ወይም እንፋሎት ነው። ኹለት ዐረፋዎች በተገናኙ ጊዜ በመካከላቸው ስስ የውሃ ግድግዳ ይቀራል። የግድግዳው ውሃ ወደ ዳር እየፈሰሰ ይሳሳል፤ ውፍረቱም የሚሊሜትር 1/10,000 ያህል ወይም ከዚያ በታች በኾነ ጊዜ ይበጠሳል፤ ያን ጊዜ ኹለቱ ተዋሕደው አንድ ትልቅ ዐረፋ ይኾናሉ። እንግዲህ ነገሩ ዅሉ በዚህ ግድግዳ ላይ የቆመ ነው። ዐረፋዎቹ በዝግታ ቢቀራረቡ ግድግዳው ለመሳሳት ጊዜ ያገኛል፤ በኀይል ቢጋጩ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ኳስ ነጥረው ይለያያሉ።

ፈሳሹ ወፍራም ከኾነ ግድግዳው ቶሎ አይሳሳም። ማር ሲማሰል የገባበት አየር ለብዙ ጊዜ ሳይወጣ የሚቈየው ስለዚህ ነው። ሙቀት ደግሞ ፈሳሽን ያቀጥናል።

እንዶድ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። በፍሬው ውስጥ ሳፖኒን የሚባል ነገር አለ፤ ይህም በግድግዳው ኹለት ፊት ላይ ተሰልፎ ውሃው እንዳይፈስ ያግደዋል። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ስሙን ባይሰሙም ሥራውን ከመምህራን አስቀድመው ያውቁታል። ሳሙናም እንዲሁ ነው።

ጨው ግን እንደ ሳሙና ሳይኾን ዐረፋ እንዳይዋሐድ ማድረጉ የሚያስደንቅ ነው። መምህሩ ኹለት ጠርሙስ ወስዶ በየአንዳንዱ እኩል ንጹሕ ውሃ እስከ ግማሽ ይጨምር፤ በአንደኛውም በሊትር 30 ግራም ያህል የተወቀጠ ጨው ያሟሟ። ኹለቱን ከድኖ እኩል ቢነቀንቃቸው፥ በጨው አልባው ውሃ ዐረፋው እየተዋሐደ ፈጥኖ ይወጣል፤ ጨዋማው ግን በደቃቅ ዐረፋ ይደፈርሳል፥ እስኪጠራም ጥቂት ይዘገያል። የባሕር ማዕበል ሲሰበር የሚነጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በአውስትራሊያ ክሬይግ፥ ኒንሃምና ፓሽሊ የተባሉ ሊቃውንት በ1993 ዓመት በፈረንጆች አቈጣጠር ብዙ ዐይነት ጨዎችን መርምረው፥ አንዳንዱ ዐረፋን እንዳይዋሐድ ሲከለክል ሌላው ምንም እንደማያደርግ አስታወቁ። የዚህ ልዩነት ምክንያት እስከ ዛሬ ሊቃውንትን ያከራክራል።

በወተት ውስጥ የእንዶድን ሥራ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። እንፋሎቱ ሲወጣ ዐረፋው ሳይዋሐድና ሳይፈርስ በላይ በላዩ ይከመራል፤ በላዩ የሚረጋው ስልባቦትም እንደ ክዳን አፍኖ ይይዘዋል። ስለዚህ ወተት የሚፈላበት ድስት እስከ ግማሹ ብቻ ይሞላ፤ ስልባቦቱም እንዳይረጋ ሳያቋርጡ ያማስሉት፤ ሕፃናትም ከምድጃው ይራቁ። ወተቱ ሲነሣ ድስቱን ቢያወርዱት እንፋሎቱ ስለሚቀዘቅዝ የተከመረው ዐረፋ ወዲያው ዝቅ ይላል።